ግድግዳ ሲያይ የኖረ ደጋፊ

ሉድቪክ ጋርባሽን በሃያ ዓመቱ ስንዴ ሊበላው ነበር። ሰው ስንዴ ይበላል እንጂ ስንዴ ሰው ሲበላ የሰማ የለም እያለ እሱ ራሱ ይስቅበታል፤ ነገሩ ግን የሆነ ነው። ያን ጊዜ በቡፋሎ ወደብ፣ በኢሪ ሐይቅ ዳር፣ ከመርከብ ሆድ ውስጥ እህል በአካፋ እየዛቀ የሚያወጣ የቀን ሠራተኛ ነበር። አንድ የጥቅምት ማለዳ ከበላዩ እንደ ተራራ ተቆልሎ የነበረው ስንዴ ተናደና እስከ ወገቡ ዋጠው። ለመውጣት በታገለ ቁጥር ይበልጥ ሰመጠ። ስንዴው ደረቱ ላይ ሲደርስ ትንፋሽ አጠረው፤ አገጩ ላይ ሲደርስ ጸሎት ጀመረ፤ ጸሎቱን ሳይጨርስ አፉ ሞላ።

ያተረፈው አብሮት የሚሠራ ጀሮም ቱሂ የሚባል ልጅ ነው። ጀሮም በሆዱ ተኝቶ በአንድ እጁ የሉድቪክን አገጭ ደግፎ፣ በሌላው ከአፉና ከአፍንጫው ስንዴውን እየጠረገ፣ ሌሎቹ ገመድና ሳንቃ ይዘው እስኪደርሱ ድረስ አልለቀቀውም። ሉድቪክ ጎድኑ ተሰብሮ ሆስፒታል ሲተኛ ጀሮም እሑድ ሊጠይቀው መጣ። የታመመ ሰው ምን እንደሚባል ስላላወቀ ትንሽ ሬዲዮ ይዞ መጥቶ የከተማውን ቡድን የአሜሪካ ፉትቦል፣ ኳስ በእጅ እየተወረወረና እየተያዘ የሚሮጥበትን ጨዋታ፣ ከፈተና አጠገቡ ተቀመጠ። ሉድቪክ እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ ፉትቦል ግድ አልነበረውም። ጫማ ሰፊው አባቱ፣ ሙሉ ሰው ለአንዲት ኳስ ሲተራመስ ማየት የሥራ ፈት ነገር ነው እያለ ነበር ያሳደገው። ያን ዕለት ግን ቡድኑ በመጨረሻዋ ደቂቃ ሲሸነፍ ከአልጋው ቀና አለ። ላዳነው ሰው የተናገረው የመጀመሪያ ቃልም ምስጋና አልነበረም። «ያን ኳስ ወርዋሪ ለምን አያባርሩትም?» ነው ያለው።

የመጀመሪያ አስተያየቱ ይህ ነበር። ከዚያ ወዲህ አስተያየት አጥቶ አያውቅም።

ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ የከተማ አውቶቡስ ነጂ ሆኖ እስከ ጡረታው ሠራ። የጀሮምን እህት በርናዲንን አገባ። ከጀሮም ጋር ደግሞ በስታዲየሙ ጎን ለጎን ሁለት መቀመጫ ያዙና በየዓመቱ ክፍያውን እያደሱ ኖሩ። በዚያ ከተማ ሰው ሚስቱን ሊፈታ፣ ቤቱን ሊሸጥ፣ ሃይማኖቱንም ሊለውጥ ይችላል፤ መቀመጫውን ግን አይለቅም። የሚለቅ ሲገኝ ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ምን ሆኖ ነው ብለው ይጠያየቃሉ።

የሉድቪክ አስተያየቶች ብዙ ነበሩ። ጸጉሩን የሚንከባከብ ወርዋሪ በረዶ ላይ አይታመንም። በክረምት ረጅም እጅጌ ለብሶ የሚጫወት ተከላካይ እናቱ አልብሳ የላከችው ነው። ነጥብ አስቆጥሮ የሚጨፍር ሰው ቢበዛ ሁለተኛ ነጥቡ ነው፤ ለምዶት ቢሆን አይጨፍርም ነበር። ለስታዲየሙ ጣሪያ ይሠራለት የሚሉ ሰዎች ደግሞ ጓዛቸውን ጠቅልለው ፍሎሪዳ ይግቡና ከአዞ ጋር ይኑሩ። ደመወዝ ይጨመርልኝ ብሎ ልምምድ የቀረ ተጫዋች ካለ ሉድቪክ ስሙን እንኳ በቤቱ አያስጠራም። የአውቶቡስ ነጂዎች ሥራ ባቆሙ ጊዜ ከፊት ተሰልፎ ይጮህ የነበረው ግን እሱ ነው። በርናዲን ይህን ስታነሣበት «ያ ሌላ ነው» ይላል። እንዴት ሌላ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላስረዳም።

ትንቢቱም የታወቀ ነበር። ይህ ልጅ የትም አይደርስም ያለው ተጫዋች የቡድኑ መኩሪያ ሆኖ በስሙ መንገድ ተሰየመ። ከተማችንን የሚያስጠራ ይህ ነው ብሎ የማለለት ደግሞ ዛሬ በቴሌቪዥን ፍራሽ ያስተዋውቃል። ሉድቪክ ራሱ፣ ቡድኑ ብልህ ቢሆን እኔን ቀጥሮ የምለውን በተቃራኒው ያደርግ ነበር እያለ ይቀልዳል። ይህን እያወቀም ሰኞ ሰኞ ጠዋት፣ ሰው ስልክ እየደወለ ሐሳቡን በሚሰጥበት የሬዲዮ ዝግጅት ላይ ሳይናገር ውሎ አያውቅም። የሬዲዮው አዘጋጅ «ሉድቪክ ከደቡብ ሰፈር» ሲል አድማጩ ሁሉ ቡናውን አስቀምጦ ለሳቅ ይዘጋጃል።

ይህ ሁሉ አንድ ነገር ነው። ሌላው፣ ከሁሉም የሚብሰው፣ የግድግዳው ነገር ነው።

በጎልማሳነቱ አንድ ጨዋታ ላይ ቢራው አጣድፎት ወደ ሽንት ቤት ሲሮጥ፣ ኳስ በእግሩ የሚመታው የቡድኑ መቺ በመጨረሻዋ ሰከንድ ኳሷን በሁለቱ ቋሚዎች መካከል አሳለፋትና ቡድኑ አሸነፈ። ሉድቪክ ያየው ነገር የለም፤ ጩኸቱን ብቻ ሰማ። በሚቀጥለው ጨዋታ ተቀምጦ አየና መቺው ሳተ። ለሙከራ በሦስተኛው ወጣ፤ ገባች። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ተቆርጦለታል። መቺው ወደ ሜዳ መግባት ሲጀምር ሉድቪክ ተነሥቶ ይወጣል፤ በቋሊማ መሸጫውና በሽንት ቤቱ መካከል ባለው ግራጫ ግድግዳ ፊት ይቆማል፤ የግድግዳውን ስንጥቅ እያየ ጩኸት ይጠብቃል። የቋሊማ ሻጮቹ ለምደውት «ሥራ ገባህ እንዴ?» ይሉታል። በዚህ ሁኔታ ቡድኑ ያሸነፈባቸውን ታላላቅ ምቶች አንዳቸውንም አላየም። ቲኬት ገዝቶ፣ በብርድ ደንዝዞ፣ የዘመኑን ምርጥ ጨዋታ ሁሉ ሲሚንቶ ሲያይ ያሳለፈ ደጋፊ ከእሱ በቀር አይገኝም። እሱ ግን አገልግሎት ነው የሚለው።

ጠቡ የመጣው በማርኬል ኦደን ምክንያት ነው። ኦደን ኳስ ይዞ የሚሮጥ፣ የከተማው ሰው ሁሉ ልጁን በስሙ የሚጠራለት ተጫዋች ነበር። አንድ ጥር፣ የተሸነፈ ወደ ቤቱ በሚሄድበት ጨዋታ፣ ሁለት ተከላካዮች ከግራና ከቀኝ መጥተው ራሱን መቱት። ተነሣ፤ አንድ ጊዜ ሮጠ፤ ከዚያ በራሱ እግር ወደ አሠልጣኙ ሄዶ የራስ ቁሩን አወለቀና ሰው ሁሉ ሁለት ሁለት እየሆነ ይታየኛል፣ አልችልም አለ። ቁጭ አለ። ቡድኑ ተሸነፈ። ከተማው ለሁለት ተከፈለ። በጸጉር ቤቱ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ፣ በቀብር ላይ እንኳ ሳይቀር ግማሹ ልጁ ብልህ ነው ሲል ግማሹ ፈሪ ነው አለ።

ሉድቪክ ሰኞ ጠዋት ደወለ። «ራሱን ያመመው ሰው አስፕሪን ይዋጥ» አለ። «ሚስቴ ካገባችኝ ጀምሮ ራሷን ያማታል። አንድ ቀን ከሜዳ ወጥታ አታውቅም።»

አዘጋጁ ከሳቅ ብዛት መናገር አቃተው፤ ሳምንቱን ሙሉም ደጋግሞ አሰማው። ያልሳቀችው በርናዲን ብቻ ነበረች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ሉድቪክ ብዙ ቀን ቀዝቃዛ እራት በላ።

በመስከረም አዲሱ የጨዋታ ወቅት ሲከፈት፣ እንደ ልማዱ ደጋፊው ሁሉ ከጨዋታው በፊት በስታዲየሙ መኪና ማቆሚያ ተሰብስቦ ሥጋ ይጠብስ ነበር። ጀሮም ከጭነት መኪናው ኋላ ምድጃ አስቀምጦ ቋሊማ ያገላብጣል። በስታዲየሙ ከኋላቸው የምትቀመጠው ጸጉር ሠሪዋ ግሌንዳም ቢራዋን ይዛ ቆማለች። ሉድቪክ ሰው ከበብ ሲያደርገው የአስፕሪኑን ቀልድ እንደገና ጀመረ። ሲጨርስ ሁሉም ሳቀ። ጀሮም ግን ከምድጃው ቀና ሳይል ተናገረ።

«ሉድ፣ ኳስ በተመታ ቁጥር ሽንት ቤት በር ላይ የምትደበቅ ሰው፣ ራሱን ተመትቶ የወጣን ልጅ ፈሪ ትላለህ?»

አሁን የተሳቀው ከቅድሙ በእጥፍ ነው። ግሌንዳ ቢራው በአፍንጫዋ ወጣ። ሉድቪክ ቆፍጠን ብሎ፣ እዚያ የምቆመው ለቡድኑ ነው አለ። ይህን በመናገሩ ሳቁ ባሰ። ክብሩ ተነካና ወንበሩን አጥፎ ሊሄድ ፈለገ፤ ወንበሩ አልታጠፍ አለው። ጥቂት ታግሎት፣ እንደ ተዘረጋ በራሱ ላይ ተሸክሞት በመኪኖቹ መካከል ሄደ። ከኋላው አንዱ፣ ዙፋኑን ይዞ ኮበለለ ሲል ሰማ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ አልተነጋገሩም። ግን መቀመጫ አይለቀቅም። ስለዚህ ትከሻ ለትከሻ ተነካክተው፣ አንዱ የሌላውን ትንፋሽ እየሰማ፣ ዝም ተባብለው ተቀመጡ። ቂም ተይዞ ጸሎት፣ ሳል ተይዞ ስርቆት እንደሚባለው ሆነ። መነጋገር ግድ ሲሆን በግሌንዳ በኩል ነበር። «ግሌንዳ፣ ለዚያ ሰውዬ እግሩን ይሰብስብ በይልኝ» ይላል ሉድቪክ። «ግሌንዳ፣ እግሬ ከእኔ ጋር ነው የመጣው በይው» ይላል ጀሮም። ግሌንዳ መጀመሪያ አስቋት ነበር፤ በኋላ ግን ለዚህ ሥራ ደመወዝ ሊከፈለኝ ይገባል ማለት ጀመረች።

ኦደንም ድኖ ተመልሶ ነበር። ሉድቪክ ስሙን ላለመጥራት ስለ ማለ «ሃያ ስድስት ቁጥር» ነበር የሚለው። ሃያ ስድስት ቁጥር ደህና ሲሮጥ ሳል ሳል ያደርገዋል፤ ጓንቱን ያወልቃል፤ ማጨብጨብ ብቻ አይሆንለትም።

ኅዳር ላይ ግሌንዳ ከጀሮም ሌላ መልእክት አመጣች። ጀሮም መቀመጫውን በሚቀጥለው ዓመት አያድስም። ሉድቪክ፣ ጥሩ፣ ኮቴን የማስቀምጥበት አገኘሁ አለ። ቤቱ ሲገባ ግን እራቱን አልጨረሰም። ከዚያ መቀመጫ ላይ ሌላ ሰው ሲቀመጥ ለማሰብ ሞከረና አልቻለም። ጠቡ እስከዚህ ይደርሳል ብሎ አልገመተም ነበር፤ አንድ ቀን፣ በአንድ ጥሩ ድል፣ ራሱ ይበርዳል ብሎ ነበር የሚጠብቀው። ድል ደግሞ በእነሱ ቡድን ብዙ አይታመንበትም።

«ወንድምሽ በአንድ ቀልድ መቀመጫውን ይጥላል?» አላት በርናዲንን።

በርናዲን ሳህን እያጠበች ነበር። እሷ የምታውቀው ነገር ነበር፤ እንዳትናገር ግን ወንድሟ አስምሏታል። «ወቅቱን ሙሉ አጠገቡ ተቀመጥክ» አለችው፤ «አንተ ምን አየህ?»

ሉድቪክ አልገባውም። ስለ ተከላካዮቹ የምትጠይቀው መስሎት ማስረዳት ጀመረ። እሷም ትታው ወጣች።

በታኅሣሥ፣ በወቅቱ የመጨረሻ ጨዋታ፣ ከሐይቁ የመጣው በረዶ ሌሊቱን ሲወርድ አደረ። በዚያ ከተማ እንደ ተለመደው ደጋፊው አካፋ ይዞ ጠዋት መጥቶ መቀመጫዎቹን ጠረገ። ሉድቪክ የራሱን ጠረገ። አጠገቡ ያለውን ላለመጥረግ ወስኖ ነበር፤ ግን በረዶው ወደ እኔ ይናድብኛል በሚል ሰበብ ጠረገው። ጀሮም ሲመጣ ደረጃውን በእግሩ እየዳሰሰ ወረደ። ሉድቪክ፣ ሰውዬው ጠጥቷል አለ በልቡ።

ጨዋታው ተጀመረ። ኦደን ተከላካዮቹን ሰብሮ ሲሮጥ ሕዝቡ ሁሉ ብድግ አለ። ጀሮም ብድግ ያለው ሰው ሁሉ ከተነሣ በኋላ ነው። ቋሊማ ገዝቶ ሰናፍጩን ሲጨምቅ በዳቦው ፈንታ ጓንቱ ላይ ጨመቀው። ከዚያ ወደ ኋላ ዘንበል ብሎ በዝግታ «ኳሷን ማን ያዛት?» ብሎ ግሌንዳን ጠየቃት።

«ረጅሙ» አለች ግሌንዳ።

«የቱ ረጅም?»

«ሁሉም ረጅም ናቸው እኮ። አሁን ተጋደሙ። አንዱ ተነሣ። ጫማው ተፈቷል መሰለኝ።»

ሉድቪክ ያን ጊዜ ገባው። ጀሮም አያይም። ሰውን ከሰው፣ ኳስን ከበረዶ አይለይም። መቀመጫውን የተወው በቂም ሳይሆን የማያየውን ለማየት መጥቶ መቀመጥ ስላሳፈረው ነው። ወቅቱን ሙሉ ትከሻው ለትከሻው ተነካክቶ የተቀመጠው፣ በሜዳው ማዶ ያለን ዳኛ ስህተት የሚያይ ሉድቪክ፣ ይህን አላየም። ቢሆንም ኩራት ኩራት ነውና ዝም አለ። ምናልባትም ዝም እንዳለ ይቀር ነበር። ያላስቻለው የግሌንዳ አነጋገር ነው።

«አሁን ሰማያዊ የለበሱት እየሄዱ ነው» አለች። «ወዲያ።»

«ግሌንዳ!» አለ ሉድቪክ። «ለዚያ ሰውዬ ንገሪው፤ ኳሷ በሠላሳ ያርዱ መስመር ላይ ናት፤ ወርዋሪው ወደ ቀኝ አይቶ ወደ ግራ ወረወረ፤ አልተያዘችም።»

«ራስህ ንገረው» አለች ግሌንዳ። «ጆሮው አንተ ጋ ነው።»

ጀሮም ፊቱን ወደ ሜዳው እንዳደረገ ጠየቀ።

«አሁንስ ማን ያዛት?»

ሉድቪክ ወደ ሜዳው እያየ መለሰ። «ሃያ ስድስት።»

«ስም የለውም?»

«ኦደን።»

«ኦደን ምን አደረገ?»

«ሮጠ።» አለ ሉድቪክ። «ሁለት ሰው ጥሎ አለፈ። ሦስተኛው በወገቡ ያዘው፤ እየጎተተው ሄደ። ደህና አድርጎ ነው የሮጠው፣ ጀሮም። ባለፈውም ጥር ደህና ሮጦ ነበር የወጣው።»

ጀሮም ራሱን ነቀነቀ። ሰናፍጭ ባለበት ጓንቱ የሉድቪክን ጉልበት መታ መታ አደረገው። የሉድቪክ ሱሪ ተበላሸ።

ከዚያ ወዲያ ሉድቪክ ለእያንዳንዱ እርምጃ ቃል ፈለገለት። ተጫዋቾቹ ከአፋቸው የሚወጣውን እንፋሎት፣ የአሠልጣኙን ፊት፣ የዳኛውን ባርኔጣ ነፋስ እንደ ወሰደው ሁሉ ነገረው። አልፎ አልፎ አስተያየት ሊጨምር ሲል ጀሮም «እሱን ሰኞ በሬዲዮ እሰማዋለሁ፤ ያየኸውን ንገረኝ» ይለዋል።

ጨዋታው ሊያበቃ ሰከንዶች ሲቀሩት ባላጋራው በሁለት ነጥብ ይመራ ነበር። የእነሱ መቺ ወደ ሜዳ ሮጠ። ካስገባት ሦስት ነጥብ ነው፤ ወደ ቀጣዩ ዙር ያልፋሉ። የሉድቪክ እግር ሳያዘው ተነሣ።

«ሂድ፣ ሂድ» አለ ጀሮም። «ልማድህ ነው፤ አልቀየምህም። ግሌንዳ ትነግረኛለች።»

ሉድቪክ ወደ ኋላ ዞሮ ግሌንዳን አየ። ግሌንዳ ሻርፗን በሁለት እጇ ዓይኗ ላይ አድርጋ ነበር።

ወደ ደረጃው አየ። እዚያ ግድግዳው ይጠብቀዋል። ቡድኑ ሊያልፍ ነው፤ እሱ ከወጣ። ያን ሁሉ ዘመን ያመነበት ነገር ነው፤ አሁን ቢቀመጥና ቢሸነፉ ጥፋቱ የማን እንደሚሆን ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ጀሮም ደግሞ ፊቱን ወደ ሜዳው፣ ግን ከሜዳው ትንሽ ዘወር ብሎ፣ አንገቱን አስግጎ ይጠብቃል።

ሉድቪክ ተቀመጠ። የጀሮምን ክንድ ያዘ።

«መቺው በረዶውን በጫማው እየጠረገ ነው» አለ። «ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። ወደ ቋሚዎቹ አየ። ባንዲራዎቹ ወደ ቀኝ እየተውለበለቡ ነው። ኳሷ መጣች፤ ተያዘች፤ መታ! ከፍ አለች፣ ጀሮም፤ ወደ ግራ ናት፤ አሁን ነፋሱ መለሳት፤ እየመጣች ነው፣ እየመጣች ነው...»

ሕዝቡ አንድ ድምፅ አወጣ፤ ያ ድምፅ የደስታም የሐዘንም ሊሆን ይችላል።

«ገባች?» አለ ጀሮም።

«የቀኙን ቋሚ መታች» አለ ሉድቪክ። «ወደ ውጭ ወደቀች። አልገባችም።»

የጀሮም ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሉድቪክ የሚያለቅስ መስሎት ደነገጠ። እየሳቀ ነበር። «አንተ ሰውዬ፣ በዕድሜህ አንድ ጊዜ ብታይ!» አለው። ነገሩን የሰሙ ሰዎች ተቀባበሉትና የዚያ ክፍል ደጋፊ ሁሉ ሽንፈቱን በሉድቪክ ላይ አደረገው። አንዱ ከላይ፣ ግድግዳው ናፍቆሃል፣ ወደ ቦታህ ተመለስ አለው። ሉድቪክ ባርኔጣውን አውልቆ ለሁሉም እጅ ነሣ።

ሰኞ ደወለ። ኦደን ባለፈው ጥር መውጣቱ ልክ ነበር፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት አለ። አዘጋጁ በእርግጥ ሉድቪክ መሆኑን ጠየቀው። ሉድቪክም መሆኑን ለማስረዳት፣ ያን ጸጉሩን የሚያበጥር ወርዋሪ ሸጠው ጥሩ በረዶ ጠራጊ ይግዙበት ሲል ጨመረ።

ጀሮም መቀመጫውን አደሰ። ሉድቪክ ከዚያ ወዲህ አንድም ምት አላመለጠውም፤ ያየውን ሁሉ ይናገራል። መቺዎች በእሱ ዓይን ሥር ይስታሉ፣ አንዳንዴም ያገባሉ። የሳቱትን በራሱ ይቆጥራቸዋል፤ የገቡትን ለጀሮም ይሰጠዋል። ቋሊማ ሻጮቹ ሲያልፍ፣ ሥራህን ለምን ለቀቅህ ይሉታል።

ባለፈው ጸደይ ግሌንዳ ጸጉሩን ስትቆርጠው፣ በዚህ ሁሉ ዘመን ከሁሉ የበለጠብህ የትኛው ጨዋታ ነው ብላ ጠየቀችው። ኦደን ታላቅ ሩጫውን ያሳየበትን ወይም ዋንጫ የቀረበበትን እንዲጠራ ትጠብቅ ነበር። ሉድቪክ በመስታወቱ አያት።

«ኳሷ ቋሚ መትታ የተሸነፍንበት ነው» አለ። «ዕድሜዬን ሙሉ የመሰለኝን ስናገር ኖሬ ማንም ያመነኝ የለም፤ ልክም ነበሩ። ያየሁትን መናገር የጀመርኩት ጀሮም ማየት ሲያቅተው ነው። እሱ አሁንም ‹ምን ሆነ?› ብሎ እኔን ይጠይቃል። ከዚህ የሚበልጥብኝ ነገር የለም። ከጆሮዬ በላይ ግን አታሳጥሪው፤ ብርድ ነው።»